ደም ያልነገረንን የጀርባ ፈሳሽ ይነግረናል

የዛሬውን ዝግጅት የምጀምረው በአንድ ድብ ነው። ድብን ከጤና ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ እደርስበታለሁ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ድቡ ክኑት ይባላል። በ2006 መጨረሻ በበርሊን የእንስሳት ማቆያ የተወለደ የዋልታ ድብ ነው። እናቱ አልቀበልም ስላለችው ጠባቂው ጡጦ እያጠባ አሳደገው፤ ያን ነጭ ግልገል ለማየት ከየአገሩ ሰው ይጎርፍ ነበር። ማርች 19 ቀን 2011፣ ገና በ4 ዓመቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች እያዩት ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሚዛኑን ሳተ፣ አጠገቡ ወዳለው ገንዳ ወድቆ ሰጠመ። ሬሳውን የመረመሩት ባለሙያዎች አንጎሉ ክፉኛ ተቆጥቶ አገኙት። ምን አስቆጣው? ቫይረስ ፈለጉ፣ ባክቴሪያ ፈለጉ፤ ያገኙት የለም።

በዚህ መሃል ሃራልድ ፕሩስ የሚባል በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል የሚሠራ የነርቭ ሐኪም የምርመራውን ዘገባ አነበበ። የድቡ ሁኔታ እሱ ዘንድ ከሚታከሙ ሰዎች ሕመም ጋር ተመሳሰለበት። ጉዳዩን ሲያጠና የነበረውን አሌክስ ግሪንዉድን አግኝቶ፣ ተጠብቆ የቆየውን የክኑትን የአንጎልና የህብለሰረሰር ፈሳሽ አብረው መረመሩ። ውጤቱ በ2015 ይፋ ሆነ። በፈሳሹ ውስጥ የድቡ የገዛ ሰውነት የሠራቸው፣ የገዛ አንጎሉን የሚያጠቁ የመከላከያ ፕሮቲኖች በብዛት ተገኙ። ድቡ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ የሞቱን ምክንያት የተናገረው ያ ፈሳሽ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ፈሳሽ ነው። በተለምዶ «የጀርባ ውሃ» የምንለው፣ ሐኪም «ከጀርባ ፈሳሽ እንቅዳ» ሲል ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጥበት ፈሳሽ።

አንጎላችንና ህብለሰረሰራችን የሚኖሩት በውሃ ውስጥ ነው። ከራስ ቅል እስከ ወገብ ድረስ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከብቧቸዋል። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ሰውነት ግን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ ያመርታል፤ አሮጌው ወደ ደም ይመለሳል። እንግዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነው አንጎላችን በዚህ ፈሳሽ ላይ ስለሚንሳፈፍ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። ፈሳሹ ባይኖር አንጎል በራሱ ክብደት ይጎዳ ነበር።

ይህ ፈሳሽ ከደም ጋር ይጎራበታል እንጂ አይቀላቀልም። በመካከላቸው ጥብቅ አጥር አለ። ስኳርና ኦክስጅን ያልፋሉ፤ ትልልቆቹ የደም ፕሮቲኖች ግን በአብዛኛው ውጭ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት በጤነኛ ሰው የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደም ውስጥ ካለው ከመቶ አንዱን እንኳ አያክልም። ፈሳሹን ጥሩ ምስክር የሚያደርገውም ይኸው ባዶነቱ ነው። ግርግር በበዛበት ገበያ አንድ እንግዳ ሰው ቢገባ ማን ያውቀዋል? ጸጥ ባለ ግቢ ውስጥ ግን ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሰውነታችን ጠላት ሲገባበት ከሚያሰማራቸው ፕሮቲኖች ዋነኞቹ አንቲቦዲ ይባላሉ፤ በኮቪድ ጊዜ ስማቸውን ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። እነዚህ አንቲቦዲዎች በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ በዝተው ቢገኙ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ከደም አፈትልከው የገቡ ናቸው ወይስ እዚያው አንጎል አካባቢ የተሠሩ? ጥያቄው ትልቅ ነው። አፈትልከው ከገቡ አጥሩ ተሸንቁሯል ማለት ነው፤ እዚያው ከተሠሩ ደግሞ ውጊያው ያለው አንጎል አካባቢ ነው።

ቤታችሁ ገብታችሁ ወለሉ ረጥቦ አገኛችሁት እንበል። ጣሪያው አፍስሶ ነው ወይስ እንስራው ተሰንጥቆ? የጭስ ቤት ከሆነ መለያው ቀላል ነው፤ ከጣሪያ የወረደ ውሃ ጥላሸት ይዞ ይወርዳል፣ የእንስራው ውሃ ግን ንጹሕ ነው። ሐኪሞች ለዚህ ጥያቄ ጥላሸታቸውን አግኝተዋል። አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ብቻ ነው፣ አንጎል አይሠራውም። በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ የተገኘ አልቡሚን ሁሉ ከደም የመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ደምም የጀርባ ፈሳሽም ይወሰድና የአልቡሚኑና የአንቲቦዲው መጠን በሁለቱም ይለካል። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ጣሪያው አፍስሷል። አልቡሚኑ በቦታው ሆኖ አንቲቦዲው ብቻውን ከጨመረ ግን ምንጩ ከውስጥ ነው። ስሌቱ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ በብዙ ላቦራቶሪዎች ከ0.7 ሲያልፍ ያሳስባል። የጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ «ደሜንስ ለምን ትወስዳላችሁ?» ብሎ የሚቆጣ ሕመምተኛ አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልታዩ ፍርድ የለም።

ይህ ምርመራ የትናንት ግኝት አይደለም። ከወገብ ፈሳሽ በመርፌ መቅዳትን ሃይንሪሽ ክዊንከ የተባለ ሐኪም በጀርመኗ ኪል ከተማ በ1891 አስተዋወቀ። አሜሪካዊው ኤልቪን ካባት ደግሞ በ1942 ከባልደረቦቹ ጋር የፈሳሹን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ እየለየ ሲመረምር፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ ባለባቸው ሰዎች ላይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ የመከላከያው ፕሮቲን በደማቸው ሳይጨምር በጀርባ ፈሳሻቸው ጨምሮ ነበር።

መልቲፕል ስክለሮሲስ ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን እንደ ጠላት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። አንዷ አንድ ዓይኗ በድንገት ይደበዝዛል፣ ሌላው እግሩ ይደነዝዛል፤ ከሳምንታት በኋላ ይሻላል፤ ከዓመት በኋላ በሌላ በኩል ይመለሳል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተለመደ ሲሆን ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ እየቀነሰ ይሄዳል። በልጅነታቸው ከዝቅተኛ አካባቢ ወደ ከፍተኛ አካባቢ የተሰደዱ ሰዎች ግን የሄዱበትን አገር ተጋላጭነት እንደሚጋሩ ጥናቶች አሳይተዋል። እናንተ በስቶክሆልም፣ በቶሮንቶ ወይም በሚኒያፖሊስ ሆናችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት።

ላቦራቶሪው የሚያየውን ላሳያችሁ። ጄል በሚባል ስስ ነገር ላይ ሁለት መንገድ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለደም፣ አንዱ ለጀርባ ፈሳሽ። በኤሌክትሪክ ሲነዱ አንቲቦዲዎቹ እንደየባሕርያቸው ተለያይተው ይሰለፋሉ፤ ከዚያ እንዲታዩ ይቀለማሉ። በጤነኛ ሰው ሁለቱም መንገዶች እንደ ደበዘዘ ጥላ ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የተለያዩ አንቲቦዲዎች ስለተቀላቀሉ አንዱ ከአንዱ አይለይም። በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኛ ግን በደሙ በኩል ያው ጥላ እያለ፣ በጀርባ ፈሳሹ በኩል እንደ ነጠላ ጥለት ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሴል ዘሮች የሠሩት አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ነው። ጥቂት ሴሎች አንጎል አካባቢ ሰፍረው፣ ተራብተው፣ ያንኑ አንዱን ነገር ያለማቋረጥ ያመርታሉ ማለት ነው። በደም ውስጥ የሌሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መስመሮች ከተገኙ ምርመራው አዎንታዊ ነው። ከአሥር የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች በዘጠኙ ገደማ ይገኛሉ፤ አንዴ ከታዩም ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ አይጠፉም።

ለሕመምተኛዋ ምን ይጠቅማታል? ጊዜ ይሰጣታል። ቀድሞ ሐኪሞች በሽታውን በስሙ ለመጥራት ሁለተኛ ጥቃት እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። በ2017 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ግን የመጀመሪያው ጥቃትና የኤምአርአይ ምስሉ ተገቢውን ካሳዩ፣ እነዚያ መስመሮች የሁለተኛውን ጥቃት ቦታ እንዲተኩ ፈቀደ። አንድ ጥቃት ማለት አንድ ዓይን ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠብቁ መድኃኒት መጀመር ትልቅ ነገር ነው። በ2024 የተከለሰው መመዘኛ ደግሞ ካፓ ሰንሰለት የሚባለውን የአንቲቦዲ ስብርባሪ መለካትንም ተቀበለ። ጄል ማንበብ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ ካፓን ማሽን ለክቶ ቁጥር ይሰጣል። የሠለጠነ ዓይን ለሚያጥረን አገሮች ይህ ለውጥ የበለጠ ተስፋ ያለው ይመስለኛል።

መስመሮቹ ብቻቸውን ግን በሽታ አይሰይሙም። አንጎል የገባ ቂጥኝም ያወጣቸዋል። ከኩፍኝ ዓመታት በኋላ አንዳንድ ልጆችን የሚገድል የአንጎል ሕመምም አለ፤ ልጁ ኩፍኙ ለቅቆት፣ አድጎ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ድንገት መርሳትና መንፈራገጥ ይጀምራል። ሐኪሙ የጀርባ ፈሳሹን ሲያስመረምር ኩፍኝን የሚዋጉ አንቲቦዲዎች በብዛት ያገኛል። ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የኩፍኝ ክትባት ግን ይከላከለዋል፤ ክትባቱን ያላስጨረሳችሁ ወላጆች አደራ።

አሁን ወደ ክኑት ሕመም ልመለስ፤ ያው ሕመም በሰው ላይ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ2007 በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ የነበረው ሆሴፕ ዳልማው ከባልደረቦቹ ጋር 12 ሴቶችን የያዘ ጥናት አወጣ። ሁሉም በድንገት ባሕርያቸው ተለውጦ፣ የማይታይ እያዩ፣ ከዚያም የሚጥል ሕመም እየጣላቸው፣ ራሳቸውን የሳቱ ነበሩ። አንቲቦዲያቸው ያጠቃው በአንጎል ውስጥ ለትውስታና ለማሰብ የሚያገለግለውን ኤንኤምዲኤ የተባለ መልእክት ተቀባይ ነበር። በሽታው ብዙውን ጊዜ ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ በአንዳንዶቹ መነሻው እንቁላል ማምረቻቸው ላይ ያለ ዕጢ ነው።

በ2009 ኒው ዮርክ ውስጥ ሱዛና ካሃላን የተባለች የ24 ዓመት ጋዜጠኛ በዚህ ሕመም ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟ ሱሄል ናጃር ወረቀትና እስክሪፕቶ ሰጥቶ ሰዓት እንድትስል ጠየቃት። ክቡን ሳለች፤ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ግን ሁሉንም በቀኝ በኩል አጨናንቃ ደረደረቻቸው፤ የግራው ግማሽ ባዶ ቀረ። የቀኝ አንጎሏ መቆጣቱን ያ ሥዕል ነገረው። ደሟና የጀርባ ፈሳሿ ለዳልማው ተላከ፤ አንቲቦዲው ተገኘ፤ ታክማ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አድማጮች፣ እንዲህ ያለች ልጅ በእኛ መንደር ብትኖር ምን እንደምንል እናውቃለን። «መንፈስ ነው፣ ሰው አስደርጎባት ነው» እንላለን። ጠበል መውሰዱን አልነቅፍም፤ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ቤተሰብ በጭንቅ ጊዜ የሚይዘው ነው። ነገር ግን ደህና የነበረች ወጣት በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ አጥታ፣ ነገር ተዘባርቆባት፣ አፏ ያለፈቃዷ እየተንቀሳቀሰ ወይም እየጣላት ከሆነ ጠበሉም ይሁን፣ ሆስፒታሉም ይሁን። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይህ ሕመም ይታከማል። በ2013 በታተመ 577 ሕመምተኞችን በተከታተለ ጥናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 81ዱ ጥሩ መሻሻል አሳይተዋል። የተሻለ ውጤት ያገኙት ደግሞ ሕክምና ቶሎ የጀመሩት ናቸው።

የዝግጅቴን ርእስ ያወጣሁበት ቁጥርም እዚህ ነው ያለው። የዚህ ሕመም መኖር የተረጋገጠላቸው 250 ሰዎች ደማቸውም የጀርባ ፈሳሻቸውም ተመርምሮ ነበር። በጀርባ ፈሳሽ አንቲቦዲው በሁሉም ተገኘ። በደም ግን ከሰባቱ በአንዱ ገደማ አልተገኘም። ደም ብቻ ቢመረመር ኖሮ ከሰባት ሰው አንዱ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኝ ነበር። ኤምአርአዩም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሕመምተኞች ጤናማ መስሎ ይታያል።

ሁልጊዜ የጀርባ ፈሳሽ ከደም ይበልጣል ማለቴ ግን አይደለም። የዓይን ነርቭንና ህብለሰረሰርን የሚያጠቃ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የሚባል ሕመም አለ፤ ጥቁር ሕዝቦችን ከነጮች ይልቅ ያጠቃል። በ2004 በማዮ ክሊኒክ በቫንዳ ሌነን ቡድን የተገኘለት መለያ አንቲቦዲ ከጀርባ ፈሳሽ ይልቅ በደም ምርመራ በተሻለ ይገኛል። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን ሕመም ያባብሳሉና ሁለቱን መለየት ግዴታ ነው። በውጭ አገር «መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው» የተባላችሁና መድኃኒቱ እያባሰባችሁ የሄደ ካላችሁ፣ ይህ የደም ምርመራ ተሠርቶላችሁ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ዘንድ የጀርባ ፈሳሽ በብዛት የሚቀዳው ለማጅራት ገትር ነው፤ ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በተዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ከሁሉ አስቸጋሪው የቲቢ ማጅራት ገትር ነው። የቲቢ ተዋሲ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ስለሆነ ማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል፤ ለማሳደግ ሳምንታት ይፈጃል። ሕመምተኛው ደግሞ ሳምንታት የለውም። የመከላከያ ሴሎች ሲነሣሡ የሚጨምር አዴኖሲን ዲአሚኔዝ የተባለ ፕሮቲን እዚህ ላይ ይረዳል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ሌሎች ሕመሞችም ከፍ ያደርጉታልና ብቻውን አይፈርድም፤ ከፈሳሹ ስኳር፣ ከሴሎቹ ብዛትና ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር ሆኖ ግን የሐኪሙን እጅ ያጠነክራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንድ ከገጠር የመጡ፣ ጋቢ የለበሱ አባት አጠገቤ አሉ። ልጃቸው ሁለት ሳምንት አተኩሶት፣ አሁን ንግግሩ ተደበላልቋል። ወጣቷ ሐኪም መጣች።

«አባባ፣ ከጀርባው ትንሽ ፈሳሽ ወስደን እንመርምር።»

«አይሆንም! የጎረቤቴ ልጅ ከጀርባው ውሃ ተቀድቶ ነው እግሩ የቀረው።»

አልተቆጣችም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና «የጎረቤትዎ ልጅ ሆስፒታል ሲገባ እንዴት ነበር አባባ?» አለቻቸው። ጥቂት አሰቡና «የለም፣ ቀድሞውንም ራሱን አያውቅም ነበር፤ በቃሬዛ ነው የወሰዱት» አሉ። «እንግዲያው እግሩን የወሰደው በሽታው ነው፤ ሰው ያየው ግን መርፌውን ነው» አለች። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች። «ህብለሰረሰር ማለት ይሄ የተሸመነው ነው፤ ከወገብ በላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው እንደዚህ ዘርፉ ነው። ክሮቹ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። መርፌዬ የሚገባው እዚህ፣ ከዘርፉ መሃል ነው። ይንኩት አባባ፤ ክር በመርፌ ጫፍ ሲነካ ሸሸት ይላል እንጂ አይበጠስም።»

ሰውየው ዘርፉን በጣታቸው እያሻሹ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ራስሽ ነሽ የምትወጊው?» አሉ። «እኔው ነኝ አባባ።» በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ልጁ በጎኑ ተኝቶ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ ነርሷ አቅፋው ተቀዳለት። ሐኪሟ ስትወጣ ሦስት ትንንሽ ብልቃጦች ይዛ ነበር፤ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ አየቻቸው። የልጁ ሕክምና በዚያው ቀን ተጀመረ።

ሐኪሟ ያለችው ልክ ነው። በአዋቂ ሰው ህብለሰረሰር የሚያልቀው ከወገብ አጥንቶች በመጀመሪያውና በሁለተኛው አካባቢ ነው፤ መርፌው የሚገባው ከሦስተኛው በታች ነው። የሚቀዳው ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አስታውሱ፤ በቀን ግማሽ ሊትር የሚያመርት ሰውነት ይህን በግማሽ ሰዓት ይተካዋል። «ውሃው አልቆ ይደርቃል» የሚባለው እውነት አይደለም።

ጣጣ የለውም አልልም። አንዳንዱን ሰው ሲነሣ የሚብስ፣ ሲተኛ የሚሻለው ራስ ምታት ይይዘዋል። አውጉስት ቢር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1898 በራሱ ላይ አስሞክሮ ለ9 ቀን ራሱን ታሟል። ዛሬ ጫፋቸው የማይቆርጥ ቀጫጭን መርፌዎች ይህን በእጅጉ ቀንሰውታል፤ ከያዘም ዕረፍት፣ ፈሳሽ መጠጣትና ቡና ይረዳሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። በራስ ቅል ውስጥ ዕጢ ወይም እብጠት ከተጠረጠረም መጀመሪያ የአንጎል ምስል መነሣት አለበት።

የአንቲቦዲ መስመሮቹም ሆኑ የኤንኤምዲኤ ምርመራው በየሆስፒታላችን የሚገኙ አይደሉም። የሴል ቆጠራ፣ የስኳርና የጠቅላላ ፕሮቲን ልኬት ግን በብዙ ቦታ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጡትም እነሱ ናቸው።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ነገ ለእናንተ ወይም ለልጃችሁ ሐኪም «ከጀርባ ፈሳሽ እንውሰድ» ቢላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ፈልጋችሁ ነው? መውሰዱ አሁን አደጋ የለውም ወይ? ደሙስ አብሮ ይመረመራል? መልሱን በደንብ ስሙ፤ ያልገባችሁን ደግማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ፈርሙ፤ አትዘግዩ።